ቦታዬን የለቀቅኩለት ሰው ቤት ሲመረቅ

ባለፈው እሁድ የጓደኛዬ የሽመልስ አዲስ ቤት ምረቃ ላይ... እጄን የምታጠብ መስዬ፣ ቧንቧው ውሃ እንዳይኖረው እየጸለይኩ ነበር።

ከፈትኩት። ውሃው ተንደቅድቆ ወጥቶ ሸሚዜን አበሰበሰው።

ሽመልስ ማለት ከሰላ ድንጋይ ደብረ ብርሃን ሲመጣ እኔ የተቀበልኩት ሰው ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያስገባሁት እኔ... ስድስት ወር ፍራሽ ያነጠፍኩለት እኔ... እሱ አሁን ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ኮርኒስ ከነሴራሚኩ! እኔ ዛሬም ተከራይ ነኝ። ግድግዳውን በጣቴ እየቆረቆርኩ ስንጥቅ ፈለግኩ። የለም።

«ነፋስ አይበዛበትም?» አልኩት።

«ኧረ ጀርባውን ነው የሰጠው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ራሱ አናደደኝ።

ይበልጥ የሚያቃጥለው ግን... ያ ቦታ የኔ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት የፋብሪካው ሠራተኞች የቤት ማህበር ስንመሠርት ስሜ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። ይሰጣል የተባለውን ቦታ ሄጄ አየሁት። የገብስ ማሳ! መንገድ የለ፣ መብራት የለ። «ከጅብ ጋር ነው እንዴ የምንጎራበተው?» ብዬ ከማህበሩ ወጣሁ፤ ያስቀመጥኩትን ብር አውጥቼ ሶፋና ቴሌቪዥን ገዛሁ። በቦታዬ ሽመልስ ተተካ።

ለሚስቴ ለትዕግስት ግን እውነቱን አልነገርኳትም። «ኮሚቴዎቹ ስማችንን ሰረዙት» ነው ያልኳት።

አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴዎቹን ሳትረግም ውላ አታውቅም። እሁድ ዕለት እንኳ የማህበሩን ሊቀመንበር አቶ በየነን ምረቃው ላይ ስታያቸው «የድሃ እንባ ይፈርዳል!» ብላ ፊቷን አዞረችባቸው። ሰውየው ግራ ገባቸው። እኔ ወጡ ላይ አቀረቀርኩ።

ቄሱ ጸበል ረጭተው፣ ዳቦው ተቆርሶ... ሁሉም «ቤት ለእንቦሳ!» ሲል ባለቤቶቹ «እንቦሳ እሰሩ!» ይላሉ። የኔ ተራ ሲደርስ ቃሉን ከዳቦው ጋር እያላመጥኩ እንደምንም አወጣሁት።

ይሄኔ ሽመልስ ጠላውን ይዞ ተነሳ።

«ይሄን ቤት ያገኘሁት በዚህ ወንድሜ ነው! ‹እኔ አልፈልገውም፣ አንተ ግባበት› ብሎ በፈቃዱ ባይለቅልኝ ዛሬም ተከራይ ነበርኩ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። አቶ በየነ ደግሞ ጨመሩበት፤ «እውነት ነው! ‹ተው አትውጣ› ብለን ስንት ለመንነው መሰላችሁ! እምቢ ብሎ፣ በእጁ ፈርሞ ነው የወጣ።»

ትዕግስትን ማየት ፈራሁ። የቆረሰችው ዳቦ እጇ ላይ ቀርቷል። ቀስ ብላ ተነሳች... ወደኔ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አቶ በየነ ዘንድ ሄዳ ጉልበታቸውን ያዘች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ሦስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስረግምዎት ነበር።»

በባጃጅ ተመለስን። እቤት ገብተን «ትዕግስት...» ስላት ሻይ አፍልታ ለራሷ ብቻ ቀዳች። እንዲህ ሆነን ሳምንቱ አለቀ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አንድ ወረቀት እያጣጠፈች ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አገኘኋት። ለካ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ የቤት ማህበር ተቋቁሟል።

«ተመዘገብኩ» አለችኝ።

«እሰይ! ቦታው የት ነው?»

«ገና ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቢሰጡኝም እገባለሁ።»

«እ... በሁለታችን ስም ነው?»

«በኔ ስም ነው። አንተን... ጸባይህ ታይቶ እናከራይሃለን።»

ሰው በተሠራ ቤት ይቀናል፤ እኔ ገና መሬቱ ባልተለካ በሚስቴ ቤት ቅናት ይዞኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።