«አስገድደዋት ነው?»

አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከዘገባ ሥራዬ ጎን ለጎን የሚኒ ሚዲያ ክበቡን አስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ከዜና አጻጻፍ ይልቅ የወደዱት ንጽጽሩን ነው። አንድ የቆየ የግጥም ቴአትር እናነባለን፤ ከዚያ ከእሱ ተወስዶ በኦሮምኛ የተዘፈነውን ዘፈን እንሰማለን። በቴአትሩ ውስጥ አባት ደም ለማድረቅ ልጁን ለባላንጣው ቤት ይድራል። «ትሄጃለሽ?» ሲላት «እሺ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ዘፈኑ ግን ሙሉውን በእሷ አንደበት የተዘፈነ ነው።

«እሺ ስትል ተስማማች ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቲቸር፣ አባቷ እኮ ነው! ምን ትበል?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ።

«ጎበዝ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ማን ፊት እንደተባለ አስተውሉ» አልኩ፤ በራሴ ረክቼ።

ዘፈኑን ልከፍት ስል መብራት ጠፋ። በክፍሉ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ነበረች። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ እንደምታገለግል አውቃለሁ።

«በይ፣ አንቺ ዝፈኚልን» አልኳት።

አንገቷን ደፍታ የደብተሯን ጠርዝ ታጣጥፍ ጀመር።

«ኧረ ዛሬ ዘማሪዋ ልትዘፍን ነው!» አለ ያው ልጅ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«እሺ ቲቸር» ብላ ተነሳች። አሳምራ ዘፈነችው።

አንዱ በድብቅ በስልኩ ቀርጿት ኖሮ ቪዲዮው ቤተ ክርስቲያኗ ደረሰ። እነሱ ዘንድ ዘማሪ ዘፈን ከዘፈነች ከአገልግሎት ትታገዳለች። ዕድሜውን በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሲዘግብ የኖረ ሰው ይህን አላውቅም ቢል ማንም አያምነውም። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አስጠሩኝና ሄድኩ። ልጅቷ ከእናቷ አጠገብ ቆማለች።

«ኦቦ ጋዜጠኛ» አሉኝ በዕድሜ የገፉት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ልጅቷ ታዛዥ ናት። አስገድደዋት ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ እሷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። አስገድደዋት ነው?»

ለእሷ መውጫ በር ከፍተው ነበር የጠየቁኝ። አዎ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። የሆነውን እንደሆነ የመናገር የሙያ ልማዴ ቀደመኝ። ልማድ ብቻም አልነበረም፤ ተማሪ አስገደደ መባልም ፈርቻለሁ።

«አላስገደድኳትም። ጠየቅኳት፤ እሺ አለች።»

«እውነት ነው?» አሏት።

«እውነት ነው» አለች፣ ወለሉን እያየች።

ከተናገርኩት ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ማስተባበያ የሚጠይቅበት አይገኝም። ፊቴ ግን ጋለ። እናቷ ሲያዩኝ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ዛሬም መንገድ ላይ ከሩቅ ካየኋቸው ወደ ማዶ እሻገራለሁ።

«እንግዲህ ንስሐ እስክትገቢ ድረስ ከኳየሩ ታርፊያለሽ» አሏት ሽማግሌው። «የመዝሙር ልብሱን በሚቀጥለው እሑድ…»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ የደብተር ቦርሳዋን ከፈተች። ልብሱን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር።