የማትቆመዋ የአባቴ መኪና

ይሄን ስማ። ቸኩለህ ከሆነ ቆመህ ስማ፣ ግን ስማ። የእህቴ ሠርግ ላይ አባቴን ያደረጉትን ነው የምነግርህ። ሠርግ ስልህ ደሞ ስለ ቬሎና ስለ ኬክ እንዳይመስልህ። ነገሩ መኪና ነው። የአባቴ መኪና።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ መሥሪያ ቤት ነዳ። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ያረጁ መኪኖቹን ያስወግድ ነበርና፣ ራሱ ሲነዳት የኖረችውን ነጭ የጃፓን መኪና ይዟት ቤት መጣ። ከእኔ ትበልጣለች። በዕድሜም ትበልጠኛለች፣ ቤት ውስጥም ትበልጠኛለች። እኔ ኮሌጅ አቋርጬ ስመጣ ትንሽ ተቆጥቶ ተወኝ። እሷ ጠዋት አልነሳ ስትል ግን ቁርስ አልበላም ይላል።

የወንበሯ ላስቲክ አልተነሳም። ከፋብሪካ ለብሳው የመጣችው ላስቲክ ማለቴ ነው። በበጋ ከተቀመጥክበት ቂጥህ ይጣበቃል፣ ስትነሳ እንደ ፕላስተር ነው የሚልጥህ። መስታወቶቿ ላይ ሁሉ ታርጋዋ ተቀርጿል፣ ስፖኪዮዋ ላይ ሳይቀር፣ ሌባ እንዳይነቅለው። ይቺን ደሞ ማን ይሰርቃታል እለዋለሁ። "ጃፓን ናት" ይለኛል። በቃ፣ መልሱ እሱ ነው።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ያለው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ይወርዳል። ማጠቡ ሰበብ ነው፣ የሚያጥቡት ወሬ ነው። አንዱ አስተማሪ ነው፣ እንደ አባቴ አሮጌ ጃፓን አለው። "ዘይት ብትረሳባት እንኳን አትቀየምህም" ይላል፣ "እንደ ድሮ ሚስት ናት።" ሚስቱ በረንዳ ላይ ሆና እየሰማችው። ሌላው ነጋዴ ነው። "ጃፓን መኪና ሲሠራ ገዢውን አያስብም፣ የገዢውን የልጅ ልጅ ነው የሚያስበው" ይላል፣ ሌሎቹም ስብከት እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ኦሪጅናል ቀለሟን ይዛለች ብሎ ይፎክራል፣ አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ያሰማል። ሞተር እያዳመጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ትልልቅ ሰዎች አይተህ ታውቃለህ? እኔ በየሳምንቱ አያለሁ።

አራተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ደሞ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። በመስኮት ገመድ አውርዶ ነው ቻርጅ የሚያደርጋት። ሙድ ያዙበት።

"ዛሬም አሰርካት?" ይሉታል። "እንዳትነክሰን።"

እሱም አይለቃቸውም። "ጋሼ" ይለዋል አባቴን፣ "የእርስዎ መኪና ጭስ እኮ አምስተኛ ፎቅ ያለውን ሕፃን አሳለው።"

አባቴ ይስቃል። "ያንተዋ መብራት ሲጠፋ ትጠፋለች፣ አንተ ልጅ። የኔ አትቆምም።"

አትቆምም። ይቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት ልነግርህ አልችልም።

ግን አባቴ መኪናዋን የሚወዳት ስለማትቆም ብቻ አይደለም። ከጋሞ ደጋ ነው የመጣው፣ አባቱ ሸማኔ ነበር። ድሮ እዚህ ከተማ ሸማኔ ምን እየተባለ እንደሚጠራ ታውቃለህ፣ ስድቡን አልደግመውም። አባቴ ያንን ስድብ እየጠጣ ነው ያደገው። ሰፈር ውስጥ አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት ነጋዴ ነው ይል ነበር፣ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሹፌር ሆኖ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ከአስተርጓሚ ጋር ሲያመላልስ ሰውየው ጨዋታ ወዳድ ሆነና የመኪናዋን ፋብሪካ ታሪክ ነገረው። ከሸማኔ ቤት ነው የወጣው አለው። አንድ የአናጢ ልጅ፣ እናቱ ስትሸምን እያየ ያደገ፣ ለእሷ የሚቀልላት ሸማ መሥሪያ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ሰፈርተኛው አበደ አለው። እሱ ግን ቀጠለ፣ በሞተር የሚሄድ ሠራ፣ አንድ ክር ሲበጠስበት ራሱን የሚያቆም ማሽን። ከዛ የማሽኑ ሠሪ ልጅ መኪና እሠራለሁ አለ። የአሜሪካን መኪና ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ በትኖ፣ እያንዳንዷን ብሎን እያየ ገጣጠማት። የመጀመሪያዎቹ በየመንገዱ ይቆሙ ነበር። በኋላ አሜሪካ ወስደው ሊሸጧት ሲሞክሩም ዳገት አቅቷት ተሳቀባት። አልተሳደቡም፣ አልተጣሉም። አገራቸው ገብተው እንደገና ሠሯት።

አባቴ ይሄን ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል። "ሸማኔ ነው የሠራት" ይልና መሪውን መታ መታ ያደርገዋል፣ የፈረስ አንገት እንደሚመታ ሰው። ከሰማው ጊዜ ጀምሮ ነው አባቱ ሸማኔ እንደነበረ በአፉ መናገር የጀመረው። እስቲ አስበው፣ ጃፓን መጥቶ ነው አባቱን የመለሰለት።

ስለዚህ እህቴ ልታገባ ነው ሲባል የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁን በዚች መኪና ከቤት አውጥቶ፣ ራሱ ነድቶ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውርዶ፣ ክንዷን ይዞ ማስገባት። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሱፉን እንኳን እኔ ነኝ በግድ ያሰፋሁት።

የሙሽራው ቤተሰብ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ናቸው። እንደኛ ጴንጤ ናቸው፣ እንደኛ ከደቡብ ናቸው፣ አያቶቻቸው ከአያቶቻችን ቢርቁ ሁለት ዳገት ነው። ግን ቦሌ ቀድመውን ገቡ። ቀድሞ የገባ ደሞ በሩን ይይዛል።

የሠርግ ኮሚቴውን የሚመራው የሙሽራው አጎት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ድምፁ ማር። ሰው ሲያርድ እንኳን "ተባረክ" ብሎ ነው ቢላውን የሚስለው። ለስብሰባ ቤቱ ጠራን፣ እኔ፣ አባቴ፣ እናቴና እህቴ ሄድን። ሶፋው እንደ አልጋ የሰፋ ነው፣ አባቴ ጫፉ ላይ ቁጭ አለ።

"አጀቡ ሁሉ ጥቁር መኪና ይሁን ተብሏል" አለ አጎትየው። "ለቪዲዮው እንዲያምር። ልጆቹ ናቸው እንደዛ ያሉት፣ እኛ ምን እናውቃለን።"

"የኔ ነጭ ናት" አለ አባቴ። "ሙሽራዋን የምትይዘው እሷ ስለሆነች፣ ለየት ብትል ምንም አይደል።"

 የሙሽራው አክስት ጁሷን እንደ አዲስ ነገር ማየት ጀመረች። "እኔኮ ያቺን መኪና ግቢያችን ስትገባ ሳያት" አለች ቀስ ብላ፣ "እቃ የሚያመጣ ሰው መስሎኝ ነበር።" ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ጥርስ ሳያሳዩ።

"አባታችን" አለ አጎትየው፣ "እኛ ለእርስዎ አስበን ነው። መንገድ ላይ ብትቆምብዎትስ?"

አባቴ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቅዳሜ ባልዲ ይዞ የሚያወራውን ወሬ ቦሌ ሶፋ ላይ አወራው።

"እሷ? እሷ አትቆምም። ጅማ ሄዳለች፣ አርባ ምንጭ ተመላልሳለች። ድንጋይ ብትጭናት ድንጋዩን ይዛ ትሄዳለች። ጫኑባትና እዩ።"

"ይኸው" አለ አጎትየው፣ እጁን አጨበጨበ። "ጌታ መልስ ሰጠን። ስለ ዕቃው ስንጨነቅ አልነበር? አባታችን ምግቡንና ለስላሳውን ይይዙልናል። ሌሎቹ መኪኖች የኪራይ ናቸው፣ ወጥ ቢፈስባቸው ጉድ ነው። ለዚህ ደሞ እምነት የሚጣልበት ሰው ነው የሚያስፈልገው።"

ሁሉም "አሜን" አሉ። እየቀለድኩ አይደለም። አሜን ነው ያሉት።

አባቴ እህቴን አያት። እህቴ ጥፍሯን አየች።

"ግን ክንዷን ይዤ የማስገባት እኔ ነኝ፣ አይደል?" አለ።

"ምን ጥያቄ አለው፣ አባት እያለ" አለ ባለ ማር ድምፁ።

ስንወጣ እህቴ ክንዱን ያዘችው። "አባዬ፣ ብዙ አታስብ፣ የአንድ ቀን ነገር ነው።" ሠርግ የአንድ ቀን ካልሆነ የስንት ቀን ሊሆን ነው? ልነግራት ነበር፣ አባቴ በዓይኑ ከለከለኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ግን አልቻልኩም።

"እምቢ በላቸው" አልኩት።

"ዕቃውን ቀድመን እናደርሳለን። ከዛ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ምን አለበት?"

አንድ ክር ሲበጠስ ራሱን የሚያቆም ማሽን ሠሩ ያለኝ እሱ ነው። የኔ አባት ግን ክሩ ሁሉ ተበጣጥሶም ይሸምናል።

የሠርጉ ዕለት ሳይነጋ ወርዶ አጠባት። ጎማዋን ሳይቀር በጨርቅ ወለወለው። ጥቁሮቹ መጡ፣ ድምፅ የላቸውም፣ እንደ ሬሳ መኪና ተደርድረው ገቡ። አስተማሪው ፒጃማውን እንደለበሰ ወረደ።

"ሙሽራዋ በየትኛው ናት?"

"በዛኛው" አለ አባቴ።

"ያንተዋስ?"

"የኔዋ አደራ ይዛለች።"

አስተማሪው ድስቶቹ ሲጫኑ አይቶ ተመልሶ ወጣ።

የጫኑት የሙሽራው የአጎት ልጆች ናቸው። የለስላሳ ሳጥኑን ሲገፉት የወንበሩ ላስቲክ ተቀደደ። አንደኛው ቅዳጁን በጣቱ ይዞ አነሳው፣ "ፋዘር፣ ይሄ እስካሁን አልተነሳም እንዴ?" አለና ሙሉውን ስቦ ላጠው። ተሳሳቁ። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ትናንት የተሠራ ይመስላል፣ ሰማያዊ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። አባቴ አየው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለሙን አየሁት። ከዛ የሥጋ ወጡን ድስት አስቀመጡበት።

ወጡ ዘግይቶ ስለነበር አጀቡ ቀደመን። እናቴን ከኋለኞቹ ጥቁሮች አንዱ ውስጥ አስገቧት። እኛ አያት ሰፈርን እንዳለፍን ስልክ ተደወለ፣ አጎትየው ነው። "አባታችን፣ በረዶ ተረስቷል፣ መገናኛ ጋ ያዙልን፣ ተባረኩ።" ያዝን። መገናኛን ወጥተን ወደ ቦሌ ስንወርድ መንገዱ ተዘጋ። እንግዳ ያልፋል ተባለ። ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ ፊቱን አዞረብን።

ቆምን። በረዶው ይቀልጣል፣ ወጡ ይተናል፣ መስታወቱ በበርበሬ ላብ አላበው። አባቴ ለአጎትየው ደወለ፣ አያነሳም። እኔ ለእህቴ ደወልኩ፣ ሚዜዋ አነሳችና "አሁን አትችልም፣ ልንገባ ነው" ብላ ዘጋችው። ወርጄ ትራፊኩን ለመንኩት፣ የሙሽራ አባት ነው አልኩት። ወደ መኪናዋ አየ፣ ወደ ሳጥኑ አየ። "ሙሽራዋስ ከድስቱ ውስጥ ናት?" አለኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ አላቃሰተም፣ ሙቀቱ አልጨመረም።

"አየህ" አለኝ አባቴ። "አልቆመችም።"

ቆመን እኮ ነው። 

መንገዱ ሲከፈት እንደ ልጅ ነዳ። አንዱ ኩርባ ላይ ድስቱ ተንሸራተተ፣ አባቴ በአንድ እጁ ወደ ኋላ ዞሮ ያዘው፣ የወጡ ዘይት የሱፉን እጅጌ ጨረሰው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ጆሮው ላይ ገመድ የሰካ፣ ደረቱ ላይ ሪባን የለጠፈ ልጅ አስቆመን።

"ዕቃ በጓሮ በር ነው።"

"የሙሽራዋ አባት ነኝ" አለ አባቴ።

ልጁ እጅጌውን አየ። "ፋዘር፣ የሙሽራዋ አባት ገብተዋል።"

ልወርድ በሩን ስከፍት አባቴ ጉልበቴን ያዘኝ።  "ዝም በል። የእህትህ ሠርግ ነው።" መሪውን አዞረና ወደ ጓሮ ሄድን።

አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ውጪ ድረስ ይሰማል። ድስቱን ለሁለት ይዘን እያወረድን ፓስተሩ ጠየቀ። "ይህችን ልጅ ለዚህ ወንድ የሚሰጥ ማነው?"

"እኔ" አለ ያ ማር ድምፅ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴን አየሁት። ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር፣ ቃሉን ተዘጋጅቶበት እንደነበረ አውቃለሁ፣ ጠዋት መኪና ሲያጥብ ለብቻው ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ።

"በዛ በኩል በደንብ ያዝ" አለኝ። "ትኩስ ነው።"

ምሳ ላይ አጎትየው ጓሮ ድረስ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "አባታችን፣ ያቺን መኪና የሠራ ፋብሪካ ይባረክ። አንድም ነገር አልጎደለም።" እህቴ ለፎቶ ስታስጠራው እጅጌውን ከኋላዋ ደብቆ ቆመ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አይወርድም። አስተማሪው "ጃፓኗ ታማለች እንዴ?" እያለ ከታች ይጣራል፣ አባቴ መጋረጃውን ይስባል። መኪናዋ አልታመመችም፣ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ወንበሯ ግን ወጥ ወጥ ይሸታል።

እናንተ ኮሚቴዎች፣ አንተ ባለ ማር ድምፁ፣ አንቺም እህቴ፣ አንድም ነገር አልጎደለም ካላችሁ ይሄን መልሱልኝ። አባቷ ድስት ተሸክሞ ጓሮ ቆሞ እየሰማ፣ "እኔ" ብላችሁ የሰጣችኋትን ልጅ ከማን እጅ ተቀብላችሁ ነው የሰጣችኋት?