መጽሐፍ ጸሐፊው ወደ እስር ቤታችን ሲመጣ

የያዙኝ ይጁቤ ገበያ ላይ ነው። በአኮፋዳዬ ውስጥ ቀለም፣ የመቃ ብዕርና አንድ ቁራጭ ብራና ተገኘ። ከጣሊያኖቹ ጋር የነበረው ባንዳ “ለሽፍቶቹ ደብዳቤ የሚጽፈው ይህ ነው” አላቸው። ደብዳቤ አልጻፍኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ፣ ምነው በጻፍኩ ኖሮ ብያለሁ።

ደብረ ማርቆስ ሲያደርሱኝ የከተቱኝ ድሮ የአንድ ባላባት የእህል ማኖሪያ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ብርሃን በእርሷ ይገባል፣ ብርድም በእርሷ ይገባል። ቤቱ የሻገተ ገብስና የሰው ሽንት ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ስምንት ሰዎች ቆጠርኩ። ከበሩ ትይዩ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ነበሩ።

“መጣህ?” አሉኝ፤ ከትምህርት ዘግይቶ እንደመጣ ተማሪ።

“መጣሁ፣ የኔታ።”

“እንግዲያ ተቀመጥ።”

የኔታ የታሰሩት በአንድ የንግሥ በዓል ላይ ለጣሊያን መንግሥት ምርቃት እንዲሰጡ ሲታዘዙ ጉሮሮዬን አሞኛል ብለው ዝም በማለታቸው ነው። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ይመስለኛል። የቀኝ እግራቸው ከአንድ ገበሬ ግራ እግር ጋር በአንድ ብረት ተቆራኝቷል፤ ገበሬው የታሰረው ወንድሙ ጫካ ስለገባ ነው። አንዱ ሊሸና ሲነሳ ሌላው አብሮ መነሳት ነበረበት።

ቁራኛነቱ ሁለቱን አወዳጃቸው። ቀኑን ሙሉ ያወጋሉ። አንድ ቀን የኔታ መሬት ሁሉን ትሸከማለች፣ አትታክትም እያሉ ሲያስተምሩን ገበሬው አቋረጣቸው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፣ መሬትስ ትደክማለች። ሦስት ዓመት ገብስ ከወሰድኩባት በአራተኛው ዝም ትለኛለች።”

“ዝም ስትልህ ምን ታደርጋለህ?”

“አሳርፋታለሁ። ጌታዋ አይደለሁም እኮ፤ እንግዳዋ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ደጁ እንዳይዘጋበት ልክ ያውቃል።”

የኔታ፣ “አርባ ዓመት አስተምሬ ይህን የነገረኝ ተማሪ የለም” አሉ። ገበሬው አፍሮ አንገቱን ደፋ።

ጸሐፊው የመጣው በሁለተኛው ሳምንቴ ነው። የመኮንን ልብስ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ሽጉጥ ያልታጠቀ ጣሊያን ነበር። አንድ ወታደር ተጣጣፊ ወንበር ዘረጋለት። አጠገቡ ከመረብ ማዶ የመጣ ዝምተኛ አስተርጓሚ ቆመ። ስለ አገሩ ሰው፣ ስለ ልማዱና ስለ ምድሩ ትልቅ መጽሐፍ እንደሚጽፍ፣ የኔታም የተማሩ ሰው መሆናቸውን ሰምቶ ሊጠይቃቸው እንደመጣ አስተርጓሚው ነገረን።

ደንቆሮ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ደንቆሮ አልነበረም። ግእዝ ያነባል። በገጠሩ ሁሉ ዛፍ ሲያልቅ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ደን ለምን እንደማይነካ ጠየቀ። ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ነበር የጠየቃቸው። የየኔታ ፊት በራ።

“የሚኖርበት ብዙ ነው” አሉት። “ወፉ አለ፣ ዝንጀሮው አለ፣ ሥር የሚቆፍረው መድኃኒተኛ አለ። የዘመናት ጥድና ወይራ ነው። እኛ ዛሬ መጥተን በእነዚህ ሁሉ ላይ አንፈርድም።” ስለ ደብራቸው ደን አወሩለት። ውስጡ በበጋ የማይነጥፍ ምንጭ እንዳለ፣ ከምንጩ በላይም አንድ መናኝ የሚኖርበት ዋሻ እንዳለ ነገሩት። የገበሬውንም ነገር አልደበቁም። “መሬት ስትደክም ያሳርፋታል። ይህን ያለው እሱ ነው፤ በስሙ ጻፍለት” ብለው ወደ ገበሬው ጠቆሙ። ጣሊያኑ በፍጥነት ይጽፋል። ሲሄድ ለየኔታ እጁን ሊጨብጥ ዘረጋ። የኔታም ጨበጡት።

ደሜ ፈላ። በሩ እስኪዘጋ ጠብቄ፣ “የኔታ፣ ለምን ያጫውቱታል?” አልኳቸው። እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሬያቸው አላውቅም።

“ጠየቀኝ እኮ ልጄ” አሉ። “የሚጠይቅ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።”

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዋልኩ።

ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ ቀረ። ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ አንድ አዲስ እስረኛ አመጡብን፤ ከየኔታ ደብር አካባቢ የተያዘ ሽማኔ ነው። ውሃ ካጠጣነው በኋላ የኔታ የደብሩን ደህንነት ጠየቁት። ሰውየው በጨለማው የሚጠይቁት ማን እንደሆኑ አላወቀም።

“ደኑን ጨረሱት” አለ። “ሶላቶዎቹ በቀጥታ ወደ ምንጩ ሄዱ፤ መንገድ የሚመራቸው አልነበረም። አርበኞች ውሃ የሚቀዱት ከዚያ ነው አሉ። ዛፉን ቆርጠው እሳት ለቀቁበት። ዋሻው ውስጥ የነበሩትን አባ አልወጣም ቢሏቸው እዚያው ተኩሰው ገደሏቸው።”

የኔታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ገበሬው ሰንሰለቱን በእጁ ያዘው፤ ድምፁ እንዳይሰማ። እኔ ተቆጥቼ ነበር፤ ግን የምቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ጠፋኝ። በእርሳቸው ላይ ተቆጣሁ። ተቆጥቼባቸው ፊቴን ባዞርኩበት ቀን ምንጩን አትንገሩት ብዬ በግልጽ ባለመናገሬ በራሴ ላይ ተቆጣሁ። የኔታ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣሊያኑ ደብተሩን ይዞ መጣ። ስለ ጋብቻ ሕግ ሊጠይቅ ነበር።

የኔታ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። “ደኑን ቆረጣችሁት?” አሉት።

አስተርጓሚው ቀስ ብሎ አስተላለፈ። ጣሊያኑ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። መልሱ ሲተረጎም እንዲህ ነበር፦ “እኔ ጸሐፊ ነኝ። ዛፍ አልቆርጥም፣ ሰውም አልገድልም። ማስታወሻዬን ቢሮ ውስጥ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። አዝናለሁ። ግን ይህ ሁሉ የሚጠፋ ነገር ነው። ስለሚጠፋም መጻፍ አለበት።”

“የሚያጠፋው ማን ነው?”

አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመ። ጣሊያኑ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

“እሺ” አሉ የኔታ። “እኔ የነገርኩህን እንዴት አድርገህ እንደጻፍከው አንብብልኝ።”

ጸሐፊ ነውና ደስ አለው። ገጹን ገልጦ ያነብ፣ አስተርጓሚው ይተረጉም ጀመር። የአገሩ ሰው በደን ውስጥ ሰይጣን አለ ብሎ ስለሚፈራ ዛፍ አይቆርጥም ይላል። የተማረው ክፍል የአባቶቹን ቃል ይደግማል እንጂ የራሱ ሐሳብ የለውም ይላል። ከዚያ አስተርጓሚው ቆመ። ጣሊያኑ ቀጥል አለው።

“የጎጃም ገበሬ ሰነፍ ነው” ብሎ ተረጎመ። “መሬቱን ሦስት ዓመት አርሶ ይተወዋል።”

ገበሬው ቀና አለ። “ሰነፍ አሉኝ?” ሲል የኔታን ጠየቃቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እጁን አየሁት፤ እርፍ ያደደረው መዳፍ ነበር።

“አላልኩም” አሉት የኔታ። “እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላልኩም።” ወደ ጣሊያኑ ዞረው፣ “ሰርዘው” አሉት።

ጣሊያኑ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የኔታ ለዚያ ሰው አንድ ቃል አልመለሱለትም። ሥጋ ያለበት ምግብ አስመጣላቸው፤ አላዩትም። አስፈታዎታለሁ አላቸው፤ እንዳልሰማ ሆኑ። ዓይናቸውን ግን ከፊቱ ላይ አላነሱም። በመጨረሻ እሱ ነው ያቀረቀረው።

ባዶ እጁን ላለመሄድ ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ዞረ። የየኔታ ተማሪ መሆኔን፣ የእጅ ጽሑፌም ማማሩን ሰምቷል። ለመጽሐፉ የአገሩን ፊደል አጣጣል የሚያሳይ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የፈለግኩትን እንድጽፍ እርሳሱንና ደብተሩን ሰጠኝ።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ የኔታ ባስተማሩኝ ጽሕፈት፣ ፊደሉን እየለየሁ ጻፍኩ፦ “ይህ መጽሐፍ የተጠየቀው በእስር ቤት ነው። ተናጋሪው እግሩ በብረት ነበር። ደኑን የቆረጡት ጠያቂዎቹ ናቸው። ገበሬውም ሰነፍ አይደለም።”

ጣሊያኑ ፊደሉን አደነቀ። የመጽሐፍ ግእዝ ያውቃል እንጂ አማርኛውን አልተከተለውም፤ ወይም ሲወጣ ተረጋግቶ ሊያነበው አስቦ ይሆናል። ምን ይላል ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ። አየኝ። የምገረፍበትን ቀን እያሰብኩ ጠበቅሁ።

በጣሊያንኛ አጭር ነገር ተናገረ። ጣሊያኑ ረክቶ ደብተሩን ከደነ። ሲወጡ አስተርጓሚው ወደኋላ ቀርቶ፣ “የሰላምታ ደብዳቤ ነው አልኩት” አለኝና በሩን አልፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኔታን በካሚዮን ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም፤ መቃብራቸውንም እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ብረቱን ከእርሳቸው እግር ሲፈቱ ከገበሬው እግር አልፈቱትም። እስኪለቀቅ ድረስ ባዶውን ቀለበት ሲጎትት ኖረ።

አሁን አርጅቻለሁ። ከመፈታቴ በፊት የገረፉኝ ሰዎች ፊት ጠፍቶብኛል። የዚያ ጸሐፊ ፊት አልጠፋኝም። ሌሎቹ የሚያጠፉትን አያውቁትም ነበር፤ እሱ ግን ዋጋውን ያውቅ ነበር። ይቅር በል ይሉኛል። ሞክሬያለሁ፤ እሱ ላይ ስደርስ ጸሎቱ ይሰናከልብኛል። መጽሐፉ ታትሞ እንደሆነም አላውቅም።

ደብተርና መቅረጫ የያዙ ወጣቶች አልፎ አልፎ ቤቴ ደጃፍ እየመጡ ስለ ቅኔው፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ ዛፉ ይጠይቁኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ሲጨርሱ፣ የጻፋችሁትን አንብቡልኝ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ያልተናገርኩት ካለበት ሰርዙት እላለሁ፤ እስኪሰርዙትም ድረስ ወደ ቤት አልገባም።