ያወረድኩት እጅ

በሰበታው እድራችን ሰብሳቢ የሚመረጠው እጅ በማውጣት ነው። ያን እሑድ ቆጣሪው እኔ ነበርኩ፤ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ።

ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። አንዱ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው አጥር የሚጋሩን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» የሚላቸው ጡረተኛ። ሦስተኛው «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ እድሩ የባለቤቶች ብቻ ይሁን» የሚል ነጋዴ። አባቴና ኦቦ ይህን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። አብዛኛው አባልም እንደ እነሱ ነው። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤቷን ተከራይተው የሚኖሩ እትዬ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። ከተጂ ከተማ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው። ሞትን አይፈሩም፤ ጭንቀታቸው «የእድሩ ድንኳን ሳይጣልልኝ እቀራለሁ» የሚል ነው።

ለኦቦ ስቆጥር እጃቸውን አወጡ። ለአባቴ ስቆጥርም ደግመው አወጡ።

«እትዬ፣ ለአንድ ሰው አንድ እጅ ነው፤ ያውርዱ!» አልኩ። ሰው ሳቀ።

«ልጄ፣ ኦቦ ካልሆኑ አባትህ ይሁኑልኝ ማለቴ ነው።»

ደንብ አይፈቅድም ብዬ እጃቸውን በገዛ እጄ ይዤ አወረድኩት። ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነኝ!

ነጋዴው ሠላሳ አንድ እጅ አገኘ፤ ኦቦ ሃያ ስምንት፣ አባቴ ሃያ ስድስት። ሃምሳ አራት ሰው ያልመረጠው ሰብሳቢ ሆነ።

እትዬ ምርጫን ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። ሁሉም በወረቀት አንደኛዬ እገሌ፣ ሁለተኛዬ እገሌ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ መጨረሻ የወጡት አባቴ ከውድድሩ ይቀሩና የመራጮቻቸው ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ያልፍ ነበር። አብዛኛው ለኦቦ ነበር የሚሆነው። እንዲህ የሚመርጡ አገሮች እንዳሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ይህን ሳወራ ያወሳስባል ይሉኛል። ምኑ ነው የሚወሳሰበው? ሱቅ ሰው ስንልክ «ምስር ከሌለ ሽሮ አምጣ» እንል የለም እንዴ?

አዲሱ ሰብሳቢ ኮሚቴውን አስወስኖ ተከራዮችን ከእድሩ አስወጣ። እትዬ በዚያው ክረምት ሞቱ። የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን አልወጣም። አባቴና ኦቦ ከየቤታቸው ሸራ አምጥተው ግቢያችን ውስጥ ወጠሩ፤ ሁለቱ ሸራዎች ግን መሀል ላይ አልገጥም አሉ። ከቀብር ስንመለስ ዝናቡ በዚያ ክፍተት ለቀስተኛው ላይ ይወርድ ጀመር።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ እዚህ ጋ ያዝልን» አሉኝ ኦቦ።

እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ሁለቱን ሸራዎች አንድ ላይ ጨብጬ ያዝኩ። ክንዴ ቢዝልም አላወረድኩትም። እትዬን ግን ምንም አልጠቀማቸውም።