ቀዩ ክዳን

የሆስፒታል ሰው ቅጽል ስም ለማውጣት ሰንፎ አያውቅም። እሷን «ሁለቴ» ብለዋታል። የመድኃኒት ብልቃጥ ከመደርደሪያ ስታነሳ ስሙን ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ መድኃኒቱን ወደ መርፌው ስትስብ ደግማ ታነባለች። አልጋው ጋ ስትደርስ ደግሞ ወር ሙሉ የተኛውን፣ የልጅ ልጆቹን ስም ሳይቀር በቃሏ የምታውቀውን ሰው «ስምዎን ይንገሩኝ» ትለዋለች። እቤቷም ያው ናት። በሩን ቆልፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ተመልሳ ትገፋዋለች፤ አስተማሪው ባሏ ታች ቆሞ «እንዴት ነው በሩ፣ ደኅና ነው?» እያለ ይቀልድባታል።

ይቀልድ። እሱ ሲሳሳት ሰሌዳውን በዳስተር ጠርጎ ይገላገላል። ሁለቴ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንዲት ጓደኛዋ በተሳሳተ መርፌ ሰው እጇ ላይ ሲያልፍባት አይታለች። ያቺ ጓደኛዋ በማግስቱ ጋውኗን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መድኃኒት በያዘች ቁጥር ያ የታጠፈ ጋውን ትዝ ይላታል። ሰው ጥንቃቄዋን ያመሰግናል፤ እሷ ግን ፍርሃት መሆኑን ታውቃለች።

አንድ ሌላም ልማድ አላት። የተወጋበትን መርፌ መልሶ መክደን ጣት ስለሚያስወጋ፣ ክዳኑን ገና ስትነቅለው ጋውኗ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች፤ መርፌውን እንደተገለጠ ወደ መጣያው ሣጥን ትጥላለች። ከሥራ ስትወጣ ግን ኪሷን ማራገፍ ትረሳለች። ጋውኗን ለማጠብ ጠቅልላ ስትወስድ ክዳኑም አብሮ ይሄዳል፤ ቤቷ የመርፌ ክዳን የሌለበት መሳቢያ የለም።

የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በፊት፣ መስኮቱ ጋ ለተኙት ሽማግሌ ኢንሱሊን መስጠት ነበረባት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ስኳራቸው እግራቸው ላይ ቁስል አውጥቶባቸው ነው የተኙት። የታዘዘላቸው አሥራ ሁለት ዩኒት ነው። ሁለቴ ብልቃጡን አነበበች፤ ደገመች። የጠዋቱ የመርፌ ካርቶን አልቆ ስለነበር አዲስ ከመጣው ካርቶን አንድ መዘዘችና እስከ አሥራ ሁለተኛው መስመር ሳበች። ሕጉ እንደሚለው ኢንሱሊን ያዘጋጀች ነርስ ለሌላ ነርስ ታሳያለች፤ ያቺም አይታ ትፈርማለች። ከጎኗ የምትሠራው፣ በሳቋ የተነሳ «ሳቂታ» የሚሏት ነርስ፣ የሌላ ታካሚ የደም ግፊት እየለካች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል ብዕሯን አነሳች።

«አንቺ ካየሽው እኔ ምን እጨምራለሁ?» አለችና ፈረመች።

ሁለቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። መታመን ማን ይጠላል?

ስምንት ሰዓት ላይ እስከ ማታ ለምትቆየው ለሳቂታ አስረክባ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር አግኝታ ከተቀመጠች በኋላ የቤቷን ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ ወዳለው ጋውን እጇን ሰደደች። ክዳኖቹን ዘግና አወጣቻቸው። ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ አንድ ቀይ።

ቀዩን ለይታ መዳፏ ላይ አስቀረችው። የኢንሱሊን መርፌ ሁለት ዓይነት መሆኑን የማያውቅ ነርስ የለም። ባለ ብርቱካናማ ክዳኑ ባለ መቶው ነው፤ እነሱ ክፍል ላለው ኢንሱሊን የተሠራው እሱ ነው። ባለ ቀዩ ባለ አርባ ይባላል፤ የተሠራውም እነሱ ዘንድ ለሌለ፣ ቀጠን ላለ ኢንሱሊን ነው። ከአዲሱ ካርቶን የመዘዘችው ደግሞ ለሽማግሌው ብቻ ነው። በባለ ቀዩ የተሰፈረ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት አይደለም፤ ሁለት ተኩል እጥፉ ነው። በጣቷ ጭኗ ላይ አሰላች፤ ሠላሳ። ደግማ አሰላች፤ ሠላሳ። የመድኃኒቱን ስም ሁለቴ፣ የሰውየውን ስም ሁለቴ ስታጣራ መስፈሪያውን አንዴም አላየችውም።

ሰዓቷን አየች። መርፌውን ከሰጠች ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗታል፤ ኢንሱሊኑ የሚበረታው ይሄኔ ነው። ሰውየው ምሳ በልተው ይሆን? ሳህናቸው ሲነሳ አላየችም። ወደ ክፍሉ ደወለች፤ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። የሳቂታን የእጅ ስልክ ሞከረች፤ ዝግ ነው።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

«ፌርማታ አይደለም፣ እናቴ» አለ ሹፌሩ።

«ሰው እየሞተብኝ ነው!»

በሩ ተከፈተ። ከዚያማ እግሬ አውጪኝ ነው። እየሮጠች አንዴ የሽማግሌው ፊት ይመጣባታል፣ አንዴ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ታጥፎ የቀረው የጓደኛዋ ጋውን። ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የራሷ ነገር ስለመጣባት አፈረች፤ ግን መጣባት።

የጠያቂ ሰዓት ነበርና ክፍሉ ሞልቷል። የሽማግሌው ሴት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ በጋዜጣ ታራግብላቸዋለች። ሁለቴን ስታይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በይ ሲስተር፣ እንዳትቀሰቅሽው። ሦስት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። ዛሬ ገና እንቅልፍ ወሰደው፤ ምሳውን እንኳ ሳይቀምስ።»

ሁለቴ ግንባራቸውን ነካች። በላብ ተጠምቀዋል። «አባባ! ስምዎን ይንገሩኝ!» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ጣታቸውን ወግታ ደማቸውን ለካች። ከሰባ ሲወርድ የሚያሳስበው ስኳር ሠላሳ አራት ሆኗል። ሳቂታን ጠራች፤ ሐኪሙም እየሮጠ መጣ። ክንዳቸው ላይ በነበረው የደም ሥር ቱቦ አርባ ፐርሰንቱን ግሉኮስ በዝግታ ስትገፋ ልጅየዋ እግርጌ ቆማ ጋዜጣውን እንደያዘች ቀርታለች።

«ስምዎን ይንገሩኝ፣ አባባ። ስምዎን።»

ምንም። እንደገና ጠየቀች። ደቂቃዎቹ አልገፋ አሉ። ከዚያ ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይቺ ሴትዮ ደግሞ ጀመራት» አሉ።

ሁለቴ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ደግማ ለካች።

ሁለቱ ነርሶች መድኃኒት ክፍል ሲገቡ የሳቂታ ፊት አመድ መስሏል። «ነቅተዋል እኮ፣ ተመስገን ነው። ምሳ ስላልበሉ ስኳራቸው ወረደ ብለን ብንጽፍስ? ውሸት አይደለም፣ አልበሉም። የኔም ፊርማ አለበት፣ እህቴ።»

ሁለቴ አልተቆጣቻትም። ይህ ሐሳብ ከሳቂታ ቀድሞ መንገድ ላይ መጥቶባት ነበር። ነገር ግን አዲሱ ካርቶን መደርደሪያው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ ቀይ በቀይ ነው። ማታ ሌላ ነርስ መጥታ ከዚያው ትመዛለች፤ ስለ ምሳ የተጻፈ ወረቀት አያስቆማትም። ካርቶኑን አውርዳ በፕላስተር ጠመጠመችው። ከዚያ ተቀመጠችና በባለ አርባ መርፌ በስህተት ሠላሳ ዩኒት መስጠቷን ጻፈች፤ ሰዓቱንና ስሟን ጨመረች። ስትጨርስ ደግማ አነበበችው።

ለልጅየዋም ራሷ ነገረቻት።

«ሊሞት ነው እኮ የነበረው» አለች ልጅየዋ። «እኔ ደግሞ እንቅልፍ መስሎኝ አራግብለታለሁ!» እንባዋ መጣ። «ሁለተኛ አባቴን እንዳትነኪው።»

«አልነካቸውም።»

አልነካቻቸውም። እስኪመሽ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ሳቂታ ስኳራቸውን ለክታ በወጣች ቁጥር «ስንት ሆነ?» ትላለች። ዘጠና። መቶ አሥር። ቁጥሩን ሰምታ አታምንም፤ ደግማ ትጠይቃለች።

በማግስቱ የነርሶች ኃላፊዋ ጠራቻት። ሌላ ሁለት ክፍል ውስጥም ባለ ቀይ ክዳን መርፌ ተገኝቶ ተሰብስቧል። ሁለቴ ጉዳዩ እስኪጣራ መርፌ እንዳትሰጥ፣ አልጋ እያነጠፈች እንድትቆይ ታዘዘች። የሚቀጥለውን ማንም አልነገራትም። ጋውኗን አጥፋ ጠረጴዛ ላይ የማስቀመጡ ነገር ጠዋቱን ሙሉ ከሐሳቧ አልወጣም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሳቂታ የሽማግሌውን ኢንሱሊን ይዛ መጣች። ከልጃቸው ሁሉን የሰሙት ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ከመግለጣቸው በፊት «ሌላ ማን አየው?» አሏት።

«አሁን አሳያለሁ፣ አባባ።»

«ያቺን ስሜን ስትጠይቅ የምትውለውን ጥሪያት።»

«አባዬ!» አለች ልጅየዋ።

«ዝም በይ አንቺ። የኔ ሜትር ባንድ ፊቱ ሳንቲ፣ ባንድ ፊቱ ኢንች ነበር። ሃያ ዓመት ከሰፋሁ በኋላ አንድ ቀን ገልብጬ ይዤው የሙሽራ ሱሪ አበላሸሁ። ከዚያ ወዲህ የሜትሬን ፊት ሳላይ ጨርቅ ነክቼ አላውቅም።» ሁለቴ መጥታ አልጋው ጋ ስትቆም አፍጥጠው አይዋት። «ሱሪውንስ ሌላ ሰፍቼ ተካሁለት። እኔን በምን ትተኪኝ ነበር፣ ልጄ?»

ሁለቴ እጇን ዘረጋች። መርፌውን ከሳቂታ ተቀበለች። ክዳኑን አየች፤ ብርቱካናማ። የመርፌው ቱቦ ላይ የተጻፈውን አየች፤ መቶ። ብልቃጡን አነበበች፤ መስመሩን ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት።

«ልክ ነው» አለችና መርፌውን ለሳቂታ መለሰችላት። «አንቺም ደግመሽ እዪው።»

«አንቺ ካየሽው እኔ…» አለች ሳቂታ፣ ከልማድ።

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሳቂታ መርፌውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ መስመሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ገልጠው እስክትጨርስ ጠበቋት።