እሬት ሲቆረጥ አይወራም

በ1960 ዓ.ም. ሰባት ዓመቴ ነበር። እሬት ሲቆረጥ የሚወጣው፣ ያ አፍንጫን አልፎ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው መራራ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ያ ዓመት ይመለስብኛል። የምንኖረው ካርቱም ዳር፣ ሶባ ነበር። አባቴና እናቴ ከወሎ ወደ መካ ብለው ተነስተው፣ ስንቃቸው መንገድ ላይ ቢያልቅ እዚሁ ቀሩ። አባቴ ወንዙ ዳር ጡብ ያቃጥል ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረኝም ገና ባልደረቀ ጡብ ላይ በስንጥር እየጫረ ነውና ጽሕፈቴ ቢጎረብጥ ከጡቡ ነው።

ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት የልጆች አንገትና ጀርባ ሽፍ ይል ነበር። እናቴ አገሯ የለመደችው ቅቤ ስለሆነ ከገበያ ፈልጋ ቀባችኝ፤ ሽፍታው ተቆጥቶ እንደ በርበሬ ፈጀኝ፣ ስጮህ ዋልኩ። ጎረቤታችን ሐጃ ሰኪና በጭቃው አጥር ላይ ብቅ ብላ «ኡም ሰይድ፣ ልጅሽን ልትጠብሺው ነው እንዴ?» አለቻት። ኡም ሰይድ ማለት የሰይድ እናት ነው፤ ሰይድ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከዚሩ፣ ከትልቁ የውሃ እንስራ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየቀዳች በጨርቅ ታብሰኝና ራቁቴን ጥላ ውስጥ ታስቀምጠኝ ነበር። ይህን ከሐጃ እንደተማረች ግን አንድም ቀን አላመነችም።

ዝናቡ ሲመጣ ትንኝና ዝንብ ተከትሎት ይመጣ ነበር። ትንኝ የነከሰኝን ራሴን አክኬ አክኬ አቆሰልኩት፤ ቁስሉ ውሃ ቋጠረ፣ ማር የመሰለ ቅርፊትም አበጀ። ትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነበር፤ መምህሩ ራሴን አየና «ሳይድንልህ እንዳትመጣ፤ ከኢዱ በፊት ካልተመለስክ ቦታህ ላይ ሌላ ልጅ ይቀመጣል» ብሎ ሰደደኝ። አባቴ ሲሰማ ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ። ልጄን ከጡብ ሥራ ያወጣዋል ብሎ የሚያስበው ያ ቦታ ብቻ ነበር።

ሶባ ከሚበቅለው ሁሉ እናቴ የምታውቀው አንድ ተክል ነበር፣ በሐጃ ግቢ ያለው እሬት። ማታውን ለመነቻት፤ ሐጃም «ውሰጂ፣ ግቢው ግቢሽ ነው» አለቻት። በእናቴ አገር ግን መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ጠዋት ከማንም ጋር ሳይነጋገር ነው የሚቆርጠው፤ ለምን ዝም እንዳለም ሕመሙ ሳይለቅ አይናገርም፣ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል ይባል ነበር። ንጋት ላይ እጄን ይዛ ገባች። ሐጃ ሰግዳ ግቢዋን ትጠርግ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኡም ሰይድ! ከይፍ አስበሕቲ፣ እንዴት አደርሽ? ልጁስ እንዴት አደረ?»

እናቴ ዝም።

«ኡም ሰይድ! ደኅና አይደላችሁም እንዴ? አባ ሰይድ ታመመ?»

እናቴ አንገቷን ደፍታ አንድ ቅጠል ቆረጠችና እጄን ጎትታ ወጣች። እዚህ አገር ሰላምታ አያልቅም፣ ሰላምታ የነፈገ ሰው ውሃ ከነፈገ አይሻልም፤ ለሙስሊም ደግሞ ሰላምታ መመለስ ግዴታው ነው። ሐጃ መጥረጊያዋን ወርውራ «ከግቢዬ እየቆረጠች ሰላምታ ትነሳኛለች!» ስትል አጥሩን አልፎ ተሰማን።

እሬቱ ለበለበኝ እንጂ ቁስሉ አልደርቅ አለ። አባቴ «ሴትዮ፣ ሂጂና አስረጂያት!» ሲላት፣ እናቴ «የልጄ ራስ ሳይደርቅማ አፌን አልከፍትም» ትለው ነበር። ቁስሉ እንደረጠበ፣ ጠቡም እንደከረረ ኢዱ ቀረበ። እኔ በራችን ላይ ተቀምጬ የሰፈር ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አይ ነበር።

አንድ ቀን ሐጃ ዝንቡ ራሴን ሲወረው አይታ ነው መሰለኝ፣ ሳታንኳኳ ገባች። ቀረድ፣ ያ ቆዳ የሚያለፉበት የግራር ፍሬ፣ በጣሳ ዘፍዝፋ ይዛለች። «አንቺን ብዬ አይደለም፣ ልጁን ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻት ለእናቴ። ራሴን ጭኗ ላይ አጋድማ ቅርፊቱን ለብ ባለው ውሃ እያራሰች ታነሳ ጀመር። እኔ ስወራጭ ጊዜ «ያዢልኝ እንጂ፣ አንቺ ዱዳ!» ብላ ጮኸችባት። እናቴ እግሬን ያዘች። ጠዋት እናቴ እሬቱን ስትቀባ፣ ከሰዓት ሐጃ በቀረዱ ስታጥብ፣ ሁለቱ ቃል ሳይለዋወጡ ሰነበቱ።

ብርዱ ሲገባ ቁስሉ ደረቀ። የዚያኑ ቀን እናቴ ሐጃ ቤት ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። ሐጃ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች።

«ማታውን ብትነግሪኝ እኔም ከቤት አልወጣም ነበር!»

«ማታውን ብነግርሽማ ይረክስ ነበር» አለች እናቴ።

ያዳነው እሬቱ ነው፣ የለም ቀረዱ ነው የሚለው ክርክር ሁለቱም እስኪሞቱ አላለቀም። በዚያ ብርድ ግን የተሰነጠቀ ተረከዜን አንዱን እናቴ፣ አንዱን ሐጃ በሰሊጥ ዘይት ያሹኝ ነበር። ትምህርት ቤትም ለኢዱ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ተማርኩ፣ ከዚያ አባቴ ሲታመም ወደ ጡቡ ሄድኩ። ሁለቱን ዓመት ግን ማንም አልወሰደብኝም።

አሁንም ሶባ ነኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቼ «ውጣ» አሉኝ፣ አልወጣም አልኩ። ያኔ ጎረቤት ሞልቶ ሰላምታው ራሱ ያደክም ነበር፤ ዛሬ በመንገዳችን ሰው ያለበት ቤት ጥቂት ነው፣ መድኃኒት ቤቱም አልተከፈተም። ሰሞኑን ሩቂያ፣ እዚሁ ካርቱም ሪያድ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ የነበረች የወሎ ልጅ፣ ሕፃኗን አቅፋ መጣች።

«አባባ፣ አንገቱ ሽፍ አለብኝ፤ ቅቤ ልቀባው?»

«ቅቤ አይሆንም። በቀዝቃዛ ውሃ አብሺው፣ አትሸፋፍኚው። ትኩሳት ካመጣ ግን ወደ ሐኪም ነው። እሬት ጠዋት ቆርጬ አመጣልሻለሁ።»

«ስትቆርጥ እንዳትናገር፣ አደራ!» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐጃ ባዶ ግቢ ገባሁ፤ እሬቱ አለ። ቢላዬን ሳወጣ፣ ከስደት የተመለሰ አንድ ሽማግሌ በፈረሰው አጥር በኩል አየኝና «አሰላሙ አለይኩም፣ ሰይድ! ከይፍ አስበሕት?» አለኝ። ቢላዬን መሬት አስቀመጥኩ። «ወአለይኩሙ ሰላም» አልኩት፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቤቱ ጣራ ጠየቅኩት፣ እሱም የኔን ጠየቀኝ፣ ሳንጨርስ ፀሐይዋ ወጣች። ከዚያ ቆረጥኩ።