ካብ ያጠፋው የሐይቅ ሳር

አባቴ ውሃ የሚፈራ የደጋ ሰው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት የዝዋይ ሐይቅ ማዕበል የበቆሎ ማሳችንን ዳር መብላት ሲጀምር፣ ያደገበት እርከን ትዝ ብሎት በጋውን ሙሉ በሐይቁ ዳር ድንጋይ ሲክብ ከረመ። ማሳው ተረፈ። እኔ ግን ካቡን ጠላሁት። ስዋኝ እግሬን የሚኮረኩረኝ የውሃ ውስጥ ሳር ባንድ ዓመት ድራሹ ጠፋ፤ ዓሣውም አብሮት ሄደ።

ጎረቤታችን የነበሩ የኦሮሞ ሽማግሌ ይህን አይተው አባቴን፣ «ልጄ፣ ድንጋዩ ማዕበሉን መልሶ ይወረውረዋል፤ ጭቃው ይነሳና ውሃው ይደፈርሳል። ሳሩ ፀሐይ ሳያይ እንዴት ይደግ? ይልቅ ቄጠማ ትከል፤ ማዕበሉን እሱ ያበርደዋል» አሉት። አባቴ ተኮሳትሮ ወደ ደፈረሰው ውሃ አየ።

እኔ መታገሥ አልቻልኩም። ገበያ በሄደበት ቀን ካቡን ማፍረስ ጀመርኩ፤ ሲመለስም ደረሰብኝ። ይገርፈኛል ስል ጋቢውን ጥሎ አብሮኝ አፈረሰ። ቄጠማውን እሱ ከዳር እያቀበለኝ እኔ ውሃው ውስጥ ተከልኩ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ጠዋት ሐይቁ ውስጥ ቆሜ፣ «አባዬ፣ ኮረኮረኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ።